የማይገጥም ካርታ

ጥቅምት 3

ለተከበሩት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እህትዎ እቴቴ በየማታው እየደወሉ ለእማዬ ሪፖርት ስለሚያቀርቡ፣ እንዴት እንደሰነበቱ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም። ትናንት ሾርባ ገፍተዋል። ከትናንት ወዲያ የሳሎኑን በር ማንም ሳይጠይቅዎ ጠግነው ጭራሽ እንዳይዘጋ አድርገውታል። ሰላምታው በዚሁ ይበቃል።

በስልክ «ክፍሌ አሁንም ክፍሌ ነው ወይ?» ላሉት፦ አልጋው አለ። መስኮቱም አለ። የቀረውን ሌላ ጊዜ።

«ስልክ ላይ እንደ ፌንጣ የሚጮኸው ምንድን ነው?» ላሉት ግን በሰፊው እመልሳለሁ። የድሮ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። ቻርጀር ፍለጋ የአጎቴን የክኒንን ቁም ሣጥን ስበረብር አገኘሁት። (ክኒን ያልኩት ፋርማሲስቱን ልጅዎን ነው፤ ስሙ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር።) ያ «ጨዋታ አእምሮ ያደነዝዛል» እያለ የሚያስተምረን ሰው በእኔ ዕድሜ ሳለ የተጫወተበትን ማሽን ከነካሴቱ በካልሲ ጠቅልሎ ደብቆት ኖሯል!

የካሴቱ ወረቀት ተልጧል፤ ስለዚህ ጨዋታው ስም የለውም። ሲከፈት ጨለማ ነው፤ ከዚያ ግራጫ ግድግዳ ይመጣል። ዋሻ ውስጥ ነዎት። የሚታይዎት እዚያ የቆመ ሰው የሚያየው ብቻ ነው፦ ኮሪደር፣ በር፣ ሌላ ግድግዳ። የዛሬ ጨዋታ ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ ያሳያል፤ ይኼኛው ግን ዘመዴ ነሽ አላለኝም። በዚያ ዘመን የሚጫወቱ ሰዎች በባለ ካሬ ወረቀት ራሳቸው ይስሉ ነበር አሉ። የትምህርት ቤታችን የድሮ ጨዋታዎች ክበብ (ሦስት ነን፤ አንዱ የሚመጣው ለብስኩቱ ነው) ለሚያወጣት ጋዜጣ የመጀመሪያውን ወለል ሙሉ ካርታ እሰጣለሁ ብዬ አፌን ከፍቻለሁ። እስካሁን የሳልኩት የተረገጠ ሸረሪት ይመስላል።

እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ቀያሽ ነበሩ። ማንም ያልለካው መሬት ይኸውልዎ። እኔ እሄዳለሁ፣ የሄድኩትን እጽፋለሁ፣ እርስዎ ይስላሉ (እጅዎ አይንቀጠቀጥም ወይ?)፤ የመጀመሪያውን ጉዞዬን አያይዣለሁ። በስልክ አይሆንም፤ እቴቴ ስልኩን ጮክ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና እርስዎ የተጠየቁትን ራሳቸው ይመልሳሉ። እምቢ ካሉኝ ሾርባው የት እንደሚደፋ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ያን ቀን መነጽርዎን ሊያመጡ ወጥተው፣ ሾፌሩ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ያገኘዎት ቀን፣ እውነት ጠፍተው ነበር? «ለትንሽ እረፍት» ብለው እቴቴ ጋ ከላኩዎት ጀምሮ እዚህ ቤት ሁሉም ስለዚያ ቀን ያወራል። እርስዎን የጠየቀ ግን ያለ አይመስለኝም።

የልጅ ልጅዎ

ጥቅምት 11

ለምላጬ፣

ሾርባው ጨው የለውም። የምደፋው አበባው ሥር ነው፤ አበባውም ደርቋል። ይህን ማስረጃ ያዢልኝ።

ሥራውን ተቀብያለሁ። የላክሽውን ግን ዕቃ ጠቅልዬበታለሁ። «ሦስት ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ፊት» ብለሽ ጽፈሻል። ከየት ተነስተሽ? ወዴት እያየሽ? ሰሜኑ የት ነው? ለአንቺ «ወደ ፊት» ማለት አሁን አንድ ነገር ነው፣ ዞር ስትዪ ሌላ ነገር ነው። ሰሜን የሌለው አገር አልሥልም።

ሕጉን ልንገርሽ። ከማይነቃነቅ ነጥብ ትነሻለሽ። ዞረሽ ዞረሽ እዚያው ነጥብ ትመለሻለሽ። ወረቀቱም ላይ የመጨረሻው መስመር መነሻው ላይ መግጠም አለበት። ካልገጠመ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ሰነፍ ቀያሽ ስህተቱን ለመስመሮቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ አካፍሎ በግድ ያስገጥመዋል። እንደዚያ ያደረገ ረዳት ነበረኝ፤ አባርሬዋለሁ።

እጅዎ አይንቀጠቀጥም ወይ ላልሽኝ፦ ይንቀጠቀጣል። እስኪያርፍ እጠብቀዋለሁ፤ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።

መሬቱ ተዳፋት አለው? መብራቱ ከየት ይመጣል? ማን ይኖርበታል? ግድግዳ የሚሠራ ሰው ያለ ምክንያት አይሠራም፤ ምክንያቱን ፈልጊልኝ።

ስለዚያ ቀን፦ አውቶቡሱ መንገድ ቀይሮ ነበር። በዚህ ይበቃል።

አያትሽ

ጥቅምት 19

ለተከበሩት ቀያሽ፣

ሰሜን ተገኝቷል፤ እኔ ራሴ አውጄዋለሁ። ጨዋታው የሚጀምረው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፋኖስ ፊት ነው። ፋኖሱን ፊት ለፊት እያየሁ ስቆም ወደ ሰሜን እያየሁ ነው። ይህን አዋጅ የሚቃወም ካለ ይምጣና ይጫወት።

ተዳፋት ለጠየቁት፦ አባባ፣ ዓለሙ በሙሉ ከካሬ የተሠራ ነው። የሚኖርበት ላሉት፦ አይጦች አሉ፤ ኮፍያ ያደረገ አጽምም አለ። ሲያገኘኝ «ወዴት ነሽ?» ይላል፣ መልሱን ግን አይጠብቅም። ልክ እንደ አጎቴ ክኒን።

ስለ እሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ትናንት ስጫወት ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ይኼ ነገር አእምሮ ያደነዝዛል» አለ።

«እሺ አጎቴ።»

«ዓይንም ያበላሻል።»

«እሺ አጎቴ።»

«በግራ ሂጂ፤ በቀኝ በኩል ጉድጓድ አለ።»

ዞር ስል የመድኃኒት ካርቶን ጽሑፍ የሚያነብ መስሎ ቆሟል። ካርቶኑ ተዘቅዝቋል። ጨርሰኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ከመጀመሪያው ወለል የወጣ ሰው በሰፈራችን አልነበረም» አለና እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። እማዬም ደህና ናት። ቀኑን ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ስታስተምርና ስትፈትን ትውልና ማታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ እንኳን እግሯ ፍሬን ይፈልጋል።

ክፍልዎን በስልክ ደግመው ጠየቁኝ። እንግዲህ አይቆጡ። አጎቴ ሜትር ይዞ ገብቶ ነበር። ከፋርማሲው የተረፈውን ካርቶን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ሊያሠራ ያስባል። «አባዬ እዚያ ይሻላቸዋል፤ እዚህ ብቻቸውን ሲወጡ ማን ይከተላቸዋል?» ይላል። እማዬ ዝም ትላለች። የእማዬ ዝምታ እሺታ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን እንደ እሺታ እየቆጠረው ነው። አናጺው ከመጠራቱ በፊት መመለስ እንዳለብዎ የሚያሳምን ነገር ካለዎት አሁን ነው ጊዜው።

ከፋኖሱ ተነስቼ፣ ዋሻውን ዞሬ፣ ተመልሼ ፋኖሱ ጋ እስክቆም የሄድኩትን በሙሉ ጽፌ አያይዣለሁ። አንድም እርምጃ አልዘለልኩም።

ምላጭዎ

ኅዳር 1

ለምላጬ፣

የዘገየሁት ስላመመኝ አይደለም፤ እቴቴ የነገረችሽን አትስሚ። የዘገየሁት ካርታው ስላልገጠመ ነው።

ያልሽውን ሁሉ ሣልኩ። አንቺ መጨረሻ ላይ ፋኖሱ ፊት ቆመሻል። በእኔ ወረቀት ግን መጨረሻ ላይ የቆምሽው ድንጋይ ውስጥ ነው። ቀደድኩትና እንደገና ሣልኩ። እንደገና ድንጋይ። ሦስተኛውን በጠዋት፣ እጄ ሳይደክም፣ እቴቴ ገበያ በሄደችበት ሣልኩት። እሱን ልኬልሻለሁ። የመጨረሻው መስመር ሦስት ግድግዳ ጥሶ ያልፋል።

እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አንቺ ተሳስተሽ ጽፈሻል፣ ወይ እኔ ተሳስቼ ሥያለሁ። የአንቺ ከሆነ ቀላል ነው። የእኔ ከሆነ ግን አጎትሽ ሜትሩን ይዞ መግባቱ ልክ ነበር ማለት ነው። ግራና ቀኙን መያዝ ያልቻለ ሽማግሌ ደረጃ ወጥቶ ፎቅ ላይ ብቻውን ሊኖር አይገባውም፤ እኔም ብሆን አልፈቅድለትም።

ስለዚህ ደግመሽ ሂጂና እውነቱን ጻፊልኝ። ለአጎትሽ ግን ካርታውን አታሳዪው።

አያትሽ

ኅዳር 7

ውድ አባባ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ፖስታውን የተቀበለው አጎቴ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ካርታው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። «ተመልከቺ» ይላታል እማዬን፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ «ግድግዳ መሀል ለመሀል! አርባ ዓመት ካርታ የሠራ ሰው!» ነገሩ በንዴት አልነበረም፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እኔ ግን ተናድጄ ካርታውን ስነጥቀው ጥጉ ተቀደደ። በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።

ቀጥሎ የምነግርዎ ግን የምሥራች ነው። ስህተቱ የእኔ ነው! ደግሜ ስሄድ አገኘሁት። ከአይጦቹ ክፍል ስወጣ ወደ ቀኝ ዞሬ ሳለ «ግራ» ብዬ ጽፌያለሁ። ያን ቀን ስጽፍ ብስኩት የሚወደው ልጅ እያሳቀኝ ነበር። እሷን ብቻ ይለውጡና ሁሉም ይገጥማል። እርስዎ ደህና ነዎት። ለአጎቴም ነግሬዋለሁ።

ሾርባዎን ይጠጡ። ይህን ያልኩት ከልቤ አይደለም።

ምላጭዎ

ኅዳር 14

ለምላጬ፣

ዋሽተሽኛል።

ግራውን ቀኝ አደረግኩት። መስመሩ መነሻው ላይ ሊገጥም ቀርቶ ከወረቀቱ ወጥቶ የእቴቴ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደረሰ። ለአያትሽ አዝነሽ መሆኑ ገብቶኛል። ግን ለካርታ ማዘን አይቻልም። አንቺ እንዲገጥምልኝ ብለሽ አንድ መስመር አጣመምሽ፤ ያንን ያደረገ ረዳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺን ግን ማባረር አልችልም፤ ዘመድ የመቅጠር ጣጣው ይኼ ነው።

አንድ ደግ ነገር ግን ሠርተሻል። ውሸቱን ለመፍጠር ከአይጦቹ ክፍል የወጣሽበትን መርጠሻል፤ ይህ ማለት ደግመሽ ሄደሽ እውነተኛ ስህተት አላገኘሽም ማለት ነው። አግኝተሽ ቢሆን መዋሸት አያስፈልግሽም ነበር። እኔም የሣልኩትን ከጻፍሽው ጋር ሌላ ሰው አስይዤ አመሳከርኩ። እቴቴ አነበበች፣ እኔ ተከተልኩ፤ አንድም አልሳትኩም። (እቴቴ «አጽም» የሚለው ላይ ስትደርስ ማማተብ ሁሉ ቃጥቷት ነበር። አሁን መጨረሻውን ማወቅ ትፈልጋለች።)

አንቺ ልክ፣ እኔ ልክ፤ ካርታው ግን አልገጠመም። ምላጬ፣ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ በደስታ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልገጠመኝም። መሬቱ ራሱ እየዋሸን እንደሆነስ?

እንዲህ አድርጊ። በሄድሽ ቁጥር ዞረሽ የመጣሽበትን እዪ። እኛ ሜዳ ላይ እንደዚያ ነበር የምንሠራው፦ አዲሱ ነጥብ ላይ ስትቆሚ መጀመሪያ የምታይው የፊቱን አይደለም፣ የተውሽውን ነው። መሬት ላይ የሚጣል ነገር ካለሽ ምልክት ጣዪ። የተውሽው ምልክት ከጀርባሽ ካልተገኘ ጻፊልኝ። ቶሎ።

አያትሽ

ኅዳር 22

አባባዬ!

ሰላምታ የለም፣ ጊዜ የለኝም፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ ይበሉ! ስለ ውሸቱ ማለቴ ነው። አሁን ያዳምጡኝ።

የአጽሙን ኮፍያ ወስጄበት ነበር (መጀመሪያ በዱላ አሳመንኩት)። እንዳሉኝ ኮፍያውን እየጣልኩ፣ አንድ እርምጃ እየሄድኩ፣ ዞሬ እያየሁ፣ ተመልሼ እያነሳሁ ቀጠልኩ። ሥራው እንዴት እንደሚያንገፈግፍ! ብስኩት ወዳዱ ልጅ እያየኝ እንቅልፍ ወሰደው። ሁልጊዜ ስዞር ኮፍያው ከፊቴ አለ። ኮሪደር ላይ፣ አለ። በሩ ጋ፣ አለ። ከዚያ አራቱም ኮሪደሮች የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ደረስኩ። ኮፍያውን ከጫፉ ጣልኩ፣ አንድ እርምጃ ወደ መሀል ገባሁ፣ ዞርኩ።

ኮፍያ የለም።

ወደ ግራ አየሁ፤ የለም። ወደ ቀኝ ሳይ፣ ጌታዬ፣ ኮፍያው እዚያ ተቀምጦ ያየኛል!

ገባዎት? መሀሉ ካሬ ላይ ሲረግጡ ጨዋታው ምንም ሳይናገር ያዞርዎታል። አራቱም ኮሪደር መንትያ ስለሆነ መዞርዎን አያውቁም። ቀጥ ብዬ የሄድኩ መስሎኝ «ወደ ፊት» ብዬ ስጽፍ ወደ ጎን እየሄድኩ ነበር! ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚያዞረው። በመስቀለኛው ባለፍኩ ቁጥር አንድ መዞር ጨምሬ የእርስዎን ካርታ እንደገና ሣልኩት። ገጠመ። አባባ፣ ፋኖሱ ላይ ልክክ ብሎ ገጠመ!

ሲገጥም ደግሞ መሀሉ ላይ ማንም ያልገባበት ባዶ ቦታ ቀረ፤ ዙሪያውን ግድግዳ። ያለ ምክንያት አይሠራም ያሉት ትዝ አለኝና ግድግዳውን በየካሬው በግንባሬ መግፋት ጀመርኩ። አንዱ ግድግዳ የውሸት ነው፤ አሳልፎ አስገባኝ። ውስጡ ወደ ሁለተኛው ወለል የሚወርድ ደረጃ አለ። በአጎቴ ሰፈር ማንም ያላየው!

ካርታውን ይዤ እየበረርኩ ፋርማሲ ሄድኩ። አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየው። «መስቀለኛው!» አለ፤ «እኔን ሦስት ክረምት ያሳበደኝ እሱ ነበር እንዴ?» ለአንድ አፍታ ልጅ መሰለ። ከዚያ ካርታውን አጥፎ መለሰልኝና እንዲህ አለኝ፦

«ጎበዞች ናችሁ። ግን አባዬ የጠፉት ጨዋታ ውስጥ አይደለም።»

አባባ፣ ምን ልበለው?

ምላጭዎ

ኅዳር 29

ለምላጬ፣

ምን ልበለው ላልሽኝ፦ ልክ ነህ በይው።

አውቶቡሱ መንገድ አልቀየረም ነበር። ያን ያልኩሽ ሌላ የማላክክበት ነገር ስላጣሁ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። መነጽሬን ተቀብዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ቆምኩ። ባንኩን አወቅኩት። የልብስ ስፌቱን ቤት አወቅኩት። ቢጫውን ሕንፃም አወቅኩት። እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ግን ጠፋኝ። አንቺ መስቀለኛው ላይ እንደሆንሽው፣ የሆነ ነገር ምንም ሳይናገር አዞረኝ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ብዙ አልነበረም።

ጥፋቱ መዞሬ አይደለም፤ ያ በእጄ አልነበረም። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አጠገቤ ጋዜጣ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። «እቱ፣ ቤቴ ወዴት ነው?» ማለት ነበረብኝ። የዚያን ሰፈር ግማሹን መንገድ የቀየስኩት እኔ ነኝ፤ እሷን ልጠይቃት? አፌ እምቢ አለ። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው መስዬ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ከእሱ ወርጄ ሌላው ላይ። እየተሳሳትኩ መሆኑን እያወቅኩ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት። ሾፌሩ ሲያገኘኝ እንኳን «እየተዝናናሁ ነው» ብዬዋለሁ።

ሐኪሙ የሰጠኝን ክኒን እየወሰድኩ ነው፤ ይረዳል ይላሉ እንጂ ይፈውሳል አላሉኝም። ደግሞ ሊያዞረኝ ይችላል። ይህን ለእናትሽም አንብቢላት።

ለአጎትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። በሚቀጥለው ሳምንት በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ቤት ብቻዬን ልሂድ። ማንም አይቀበለኝ፣ ማንም አይከተለኝ። ከደረስኩ ክፍሌ የእኔ ነው። ካልደረስኩ በማግስቱ እቴቴ ጋ እመለሳለሁ፤ መደርደሪያውን ይሥራ፣ እኔም ሾርባውን እጠጣለሁ።

አያትሽ

ታኅሣሥ 6

ለአባባ፣

ደብዳቤዎን ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እየተዝናናሁ ነው» የሚለው ላይ እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነና ወደ ጓዳ ገባች። አጎቴ «አይሆንም» አለ። ከዚያ «ዝናብ ቢሆንስ» አለ። ከዚያ «ቢያንስ በታክሲ» አለ። እማዬ ከጓዳ ሆና «አንተ ፈተና ልትፈትናቸው ነው ወይስ ልታዝላቸው?» አለችው። ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ደግሞ እሺታ ነው።

እንግዲህ ውሉ ይኸው ነው። መናኸሪያ የሚቀበልዎ የለም። እኔ ሾልኬ እንዳልወጣ አጎቴ በር ላይ ይቆማል፤ ስለ እኔ እንዴት ያለ አመለካከት እንዳለው ይዩልኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ጨምሯል፦ የቤታችን አድራሻና ስልክ የተጻፈበት ካርድ ኪስዎ ይኑር። ይህን እምቢ እንዳይሉ እለምንዎታለሁ። እኔም ለራሴ አንድ ጽፌ ይዣለሁ፤ እኔ ብጠፋ የሚፈልገኝ እንዳለ ማወቅ ደስ ይላል።

በስልክ «መናኸሪያው አጠገብ ያ ግንባታ አለቀ ወይ? መታጠፊያው ተከፈተ?» ላሉት እንዳልመልስ እማዬና አጎቴ አስምለውኛል። ስለዚህ አልመልስም። ያውቁታል ምን ያህል እንደሚከብደኝ።

እውነት ልንገርዎ? ፈርቻለሁ። ለአንዱ የሱቅ ሰው «እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲያልፍ ይጠቁሙልኝ» ማለት እችል ነበር። ሁለቴ እስከ ሱቁ ሄጃለሁ። አላልኩም። መስመር ማጣመም ስለከለከሉኝ ነው እንጂ ስለጨከንኩ አይደለም።

በደህና ይግቡ።

ምላጭዎ

ታኅሣሥ 12

ለተከበሩት የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣

ይህን በበርዎ ሥር የምገፋው ማንኳኳት ስላቃተኝ አይደለም። ጠዋት «ለመሆኑ እናንተ ትናንት እኔን ስትጠብቁ ምን ስትሆኑ ነበር?» ብለው ስለጠየቁኝና እማዬ ፊት መመለስ ስላልቻልኩ ነው።

አጎቴ በር ላይ ቆመ። ሲቆም ሰዓቱን ያያል፣ ሲያይ ይንቆራጠጣል። መድረሻዎ ሰዓት አለፈ። እሱ «አልኳችሁ» ይላል ብዬ ስጠብቅ ኮቱን ለበሰ፣ አወለቀ፣ ለበሰ። እማዬ ደግሞ «ተማሪ አለኝ» ብላ በማለዳ ወጥታ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ያንን ምስኪን ተማሪ መናኸሪያውን ስታስዞረው ነው የዋለችው። «እንደገና ወደ ቀኝ» እያለች፣ በዚያው መንገድ፣ ልጁ ላብ በላብ እስኪሆን። አላየችዎትም። ማንም አላየዎትም።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ከምንጠብቅበት ተቃራኒ መንገድ፣ ተረጋግተው፣ ፀጉርዎን ተቆርጠው!

የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ግን አጎቴ እንዴት እንደመሰለ ከጀርባው ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ። «አባዬ፣ ጠፍተው ነበር?» ሲልዎ ትከሻው ወርዶ ነበር። እርስዎም «አዎ» አሉ። እንዲሁ፣ «አዎ» ብቻ። «ግንባታው ጋ ስደርስ ዞረብኝ። ቆምኩ። ፀጉር ቤት ገባሁና ቤቴ ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጠያቂ ሆኜ ዝም ብዬ መውጣት አሳፈረኝና ተቆረጥኩ።»

አጎቴ ካሳለ በኋላ «እንግዲህ ውሉ ብቻዎን…» ብሎ ጀመረ። እማዬ በዚያው ቅጽበት ከመኪናው ወርዳ፣ ቁልፉ እጇ ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያለችውን እርስዎ በጆሮዎ ምክንያት ሳይሰሙት እንዳይቀሩ ልጻፈው፦

«እኔ መንገድ ጠፍቶት አቁሞ የጠየቀን ተፈታኝ ጥዬ አላውቅም። የምጥለው ሳያውቅ የሚነዳውን ነው። አባዬ አልፈዋል። ሻንጣውን ወደ ላይ አውጣ።»

አጎቴም አወጣ። ሻንጣውን ሲያስቀምጥ ሜትሩን መስኮቱ ላይ አየውና ኪሱ ከተተው፤ ማንም ያላየው መስሎት። ብቻዎን ሲወጡ ካርዱ ኪስ ውስጥ መሆኑን የሚያረጋግጠው እሱ ነው፤ እየነዘነዘ ቢያሰለችዎም ይቻሉት። ትናንት ሲጠብቅ ፊቱን ስላየሁት ነው።

አሁን ለምን እንደጻፍኩ ልናገር። አጎቴ ከእራት በኋላ «ያንን ደረጃ አንዴ ብቻ ልየው» ብሎ ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደ። ሁለተኛው ወለል ላይ ነው። ጠፍቷል። የት እንደሆነ አያውቅም፤ ጠይቀኝና ልርዳህ ስለው «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» ይላል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እየተጫነ። ማን እንደወለደው ያስታውቃል።

ባለ ካሬውን ወረቀት ይዘው ይውረዱ። ለጨዋታው እንደመጡ እንዳይነግሩት ግን፤ ውሃ ጠማኝ ይበሉ።

ከታች